ግዳዩን ማን ቆጠረው? የአየር ላይ ውጊያ “ኤስ” አብራሪዎች ታሪክ

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 የእንግሊዝ አየር ኃይል በዚያች አንድ ቀን ብቻ 185 የጀርመን አውሮፕላኖች መውደቃቸውን አስታወቀ። ለንደን ፈነደቀች። ጦርነቱ አልቆ የጀርመኖቹ የራሳቸው መዝገብ ሲገለጥ ግን በዕለቱ ያጡት 60 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከተነገረው አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከአብራሪዎቹ ሆን ብሎ የዋሸ ብዙ ሰው አልነበረም። አየን ያሉትን ነው የተናገሩት። (ቀኖቹና ዓመታቱ፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በአየር ላይ ውጊያ አምስትና ከዚያ በላይ የጠላት አውሮፕላን የጣለ አብራሪ “ኤስ” ይባላል። ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ ከስማቸው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፦ ሪክትሆፈን 80፣ ፎንክ 75፣ ሃርትማን 352። ቁጥሮቹም እንደ ኮከብ ግብ አግቢዎች ሠንጠረዥ ይደረደሩና ማን ከማን ይበልጣል ክርክሩ ይጦፋል። እኔ ግን አብራሪውን ከመመዘን በፊት ቆጣሪውን መመርመር ይቀድማል ባይ ነኝ። አንድ አውሮፕላን ወደቀ የሚለው ማን ነው? በምን ማስረጃ? ለማንስ ይመዘገባል? እያንዳንዱ አገር ለእነዚህ ጥያቄዎች የየራሱ መልስ ነበረው፤ 80 እና 352 የሚሉት ቁጥሮች የተወለዱትም ከእነዚያ መልሶች ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ አውሮፕላን ለጦሩ ዓይን እንጂ ክንድ አልነበረም። ሥራው የጠላት ሠራዊት የት እንደሰፈረ አይቶ መመለስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን አብራሪዎቹ ሽጉጥና ጠመንጃ ይዘው መነሣት ጀመሩ። ሩሲያዊው ፒዮትር ኔስቴሮቭ በሴፕቴምበር 1914 በገዛ አውሮፕላኑ የኦስትሪያን አውሮፕላን ገጭቶ ጣለ፤ እርሱም አልተረፈም። ኦክቶበር 5 ቀን ደግሞ ፈረንሳውያኑ ጆሴፍ ፍራንዝና ሉዊ ኬኖ በሬምስ ከተማ አቅራቢያ አንድ የጀርመን አውሮፕላን በመትረየስ መትተው አወረዱ። በአየር ላይ በተኩስ ልውውጥ የተገኘ የመጀመሪያው ግዳይ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ራስ ምታት ፕሮፔለሩ ሆነ። አብራሪው ዒላማውን የሚያገኘው አፍንጫውን ወደ ጠላት አዙሮ ነው፤ ወደፊት ከተኮሰ ግን የገዛ ፕሮፔለሩን ይቆርጣል። ሮላን ጋሮስ የተባለው ፈረንሳዊ በፕሮፔለሩ ላይ ጥይት የሚመልስ የብረት መከላከያ አስገጥሞ በኤፕሪል 1915 በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሦስት አውሮፕላን ጣለ። በዚያው ወር ግን በጠላት ምድር ለማረፍ ተገደደና እርሱም አውሮፕላኑም በጀርመኖች እጅ ወደቁ። ለጀርመን አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የሆላንዱ ተወላጅ አንቶኒ ፎከር ከሰዎቹ ጋር የተሻለ መላ አመጣ፤ መትረየሱን ከሞተሩ ጋር አያይዞ፣ የፕሮፔለሩ ምላጭ ከአፈሙዙ ፊት በሚያልፍበት ቅጽበት ተኩሱ እንዲቋረጥ አደረገ። ተዋጊ አውሮፕላን የምንለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው።

ጋሮስን የቴኒስ ተመልካች ሁሉ በስም ያውቀዋል፤ የፓሪሱ ስታዲየም የተሰየመው በእርሱ ነው። ከምርኮ አምልጦ ወደ ውጊያ ተመልሶ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው ተገደለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ኤስ አድርጎ ይጠራዋል። ሆኖም የተረጋገጠለት ግዳይ አራት ብቻ ስለሆነ ማዕረጉ አይገባውም።

አምስት የሚለው መለኪያስ? ከሰማይ አልወረደም። የፈረንሳይ ጋዜጦች “ኤስ” የሚለውን ቃል ከካርታ ጨዋታ ወስደው ጎበዝ አብራሪዎችን በዚህ ስም መጥራት ጀመሩ፤ አምስት የጣለውን ሰው በስም ማወደስ ልማድ ሆነ፤ ዘግይተው የመጡት አሜሪካውያንም ልማዱን እንዳለ ወሰዱት። ጀርመኖች በአምስት አልተገዙም። ለእነርሱ ቁም ነገሩ “ፑር ለ ሜሪት” የሚባለው ከፍተኛ ሜዳሊያ ነበር፤ በ1916 መጀመሪያ ስምንት የጣለ ያገኘው ነበር፣ ከዚያ 16፣ ኋላም 20 እና ከዚያ በላይ ተጠየቀበት። የእንግሊዝ ጦር አዛዦች ደግሞ አንዱን ነጥሎ ማወደስ የሌላውን ሞራል ይነካል ብለው ለማዕረጉ ይፋዊ እውቅና አልሰጡም። ያም ሆኖ 44 የተቆጠረለት አልበርት ቦል በ20 ዓመቱ ሲሞት ስሙ በየቤቱ የታወቀ ነበር።

መንግሥታቱ እነዚህን ልጆች ለምን ፈለጓቸው? በምድር ያለው ጦርነት ጀግና የሚያወጣ ጦርነት አልነበረም። በምሽግ ውስጥ በጭቃ ተነክሮ በመድፍ ከሚያልቀው የሰው ጎርፍ መካከል አንዱን ነጥሎ ስም መስጠት ከባድ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ግን አንድ ሰው፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ቁጥር ነው። ፎቶው በፖስት ካርድ ታትሞ ይሸጣል።

ውጊያውን በሥርዓት ያስያዘው ጀርመናዊው ኦስቫልድ ቦልከ ነው። በ1916 ለወጣት አብራሪዎች ጥቂት ሕጎች ጻፈላቸው፦ ከፍታ ያዝ፣ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፣ በጣም ሳትቀርብ አትተኩስ፣ ከጀመርክ አትመለስ። ከፍታ ላይ ያለ አብራሪ ያንን ከፍታ በፈለገ ጊዜ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል፤ ወርዶ ይመታል፣ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ ይወጣል። ታች ያለው ሊያሳድደው ቢሞክር ፍጥነቱን ይጨርሳል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረጉ ደግሞ ላለመታየት ነው። ፊልም ላይ የምናየው እየተሽከረከሩ መተናነቅ ከሕጎቹ አንጻር ሲታይ ዕቅድ ሲበላሽ የሚመጣ ነገር ነው። ብዙዎቹ ተመቺዎች የመታቸውን ሰው ሳያዩት ሞተዋል። ቦልከ ራሱ 40 ጥሎ በኦክቶበር 1916 የሞተው በጠላት ጥይት ሳይሆን በውጊያ መካከል ከገዛ ጓዱ አውሮፕላን ጋር ተነካክቶ ነው።

ማንፍሬድ ፎን ሪክትሆፈን የእርሱ ተማሪ ነበር። ፈረሰኛ መኮንን ሆኖ ጀምሮ ወደ አየር የተዛወረ የመሳፍንት ልጅ ነው። እንደ ጓዶቹ ምስክርነት አክሮባት የሚያበዛ አብራሪ አልነበረም፤ አዳኝ ነበር። አውሮፕላኑን ቀይ ቀባው፤ ለእያንዳንዱ ግዳይም በርሊን ካለ ብር ሠሪ ቀኑና የአውሮፕላኑ ዓይነት የተቀረጸበት ትንሽ ዋንጫ ያሠራ ነበር። 60ኛው ላይ ሲደርስ በጀርመን ብር ጠፋና ማሠራቱን ተወ። በኤፕሪል 1917 ብቻ 21 አውሮፕላን ተመዘገበለት። ከ80ዎቹ አብዛኞቹን የጣለው ሁሉም በሚያውቀው ባለ ሦስት ክንፉ ቀይ ፎከር አይደለም፤ ያንን የያዘው መጨረሻ አካባቢ ነው።

ኤፕሪል 21 ቀን 1918 አንድ ጀማሪ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ እያሳደደ ዝቅ ብሎ የጠላትን መስመር አለፈ። አንዲት ጥይት በቀኝ ጎኑ ገብታ ገደለችው። ዕድሜው 25 ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ግዳዩን ለካናዳዊው አብራሪ ሮይ ብራውን መዘገበ፤ ጉዳዩን ያጠኑት አብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን የገደለችው ከምድር የተተኮሰች የአውስትራሊያ ወታደሮች ጥይት ናት ይላሉ። በዘመኑ ከሁሉ በላይ የተቆጠረለት ሰው የራሱ አሟሟት ለማን ይቆጠር የሚለው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

ወደ ቆጠራው ሥርዓት እንምጣ። በአንደኛው ጦርነት ፈረንሳዮች ከአብራሪው ሌላ ምስክር ይጠይቁ ነበር፤ ከጠላት መስመር ጀርባ ርቆ የወደቀ አውሮፕላን ምስክር ስለማይገኝለት ብዙ ጊዜ ይቀራል። ረኔ ፎንክ በራሱ ቆጠራ ከ120 በላይ ጥሏል፤ የጸደቀለት 75 ነው። በሌላ በኩል ያው የፈረንሳይ ሥርዓት አንድን አውሮፕላን ሦስት ሰው ቢመታው ለሦስቱም ሙሉ ግዳይ ይሰጥ ነበር። እንግሊዞች መሬት ሲመታ ባይታይም “ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሲወርድ ታየ” የተባለውንም ቆጠሩ። 72 የተቆጠረለት ካናዳዊው ቢሊ ቢሾፕ በጁን 1917 ብቻውን የጀርመን አየር ማረፊያ ወርሬ አውሮፕላኖች ጣልኩ ብሎ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ አገኘ። ምስክር ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ጦርነት ጀርመኖች አንድ አውሮፕላን ለአንድ ሰው ብቻ ብለው ወሰኑ፤ አብራሪው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የምስክሩን ስም ጭምር በዝርዝር ቅጽ ይሞላል። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ግዳይን ወደ ግማሽና ወደ ሩብ ያካፍላሉ። ሶቪየቶች የግልና የቡድን ብለው ሁለት ዓምድ ያዙ። የጃፓን ባሕር ኃይል ደግሞ ከጦርነቱ አጋማሽ ጀምሮ የግለሰብ ቆጠራን እርግፍ አድርጎ ተወ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ማሰለፍ ምን ያህል ያስኬዳል?

በጥብቅ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ስሕተቱ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከዓይን ነው። ሁለት አውሮፕላኖች በከፍተኛ ፍጥነት የሚተያዩት ለሰከንዶች ነው። የመታውን እስኪወድቅ አተኩሮ የሚመለከት አብራሪ ራሱ ከኋላው ይመታል፤ ስለዚህ ዞር ማለት አለበት። በዚያች ቅጽበት ሌላ ጓዱ ያንኑ አውሮፕላን ይተኩስበታል፤ ሁለቱም ጣልን ብለው ያድራሉ። በዚያ ላይ የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ነዳጁ በግፊት የሚገባ ስለነበረ አፍንጫውን ድንገት ደፍቶ ቁልቁል መወርወር ይችል ነበር፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከላይ ለሚያየው እንግሊዛዊ ያ እየነደደ የሚወድቅ አውሮፕላን ነው። ሰውየው ግን ደመና ውስጥ ገብቶ ቤቱ ሄዷል። በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ ያሉ ተኳሾች ዘንድ ችግሩ ከዚህም ይብስ ነበር፤ አንዱን ተዋጊ ብዙ መትረየስ በአንድ ጊዜ ይተኩስበታልና። ከመትረየሱ ጋር አብሮ የሚቀርጽ ካሜራ ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ እንጂ አልተፈታም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቺካጎ ሲበር የሚያርፍበት ኦሄር አየር ማረፊያ የተሰየመው በአንድ የባሕር ኃይል ኤስ ነው። ኤድዋርድ ኦሄር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1942 ወደ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቡ በሚመጡ የጃፓን ቦምብ ጣዮች መካከል ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ አምስት ጥሏል ተባለና በአንድ በረራ ኤስ ሆነ፤ የአገሩንም ከፍተኛ ሜዳሊያ አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓኖች መዝገብ ሲታይ እርሱ ያወረዳቸው ሦስት ሆነው ተገኙ። በእኔ ዓይን ድፍረቱን አንድ ስንዝር አይቀንሰውም። መርከቧ ተርፋለች።

አሁን 352ን እንያት። ኤሪክ ሃርትማን በ1942 መጸው በሶቪየት ግንባር ውጊያ ሲጀምር ገና 20 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻ ግዳዩን የጣለው ጀርመን እጅ በሰጠችበት ቀን በሜይ 8፣ 1945 ነው። ዘዴው ጠላቱ የፊት መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ ቀርቦ አጭር ተኩስ ተኩሶ መሰወር ነበር። ከአሥር ጊዜ በላይ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ወርዷል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከቅርብ በጣላቸው አውሮፕላኖች ፍርስራሽ መመታቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች አሥር ዓመት አስረውታል።

ቀጥሎ ያሉት ጀርመኖች ጌርሃርድ ባርክሆርን 301 እና ጉንተር ራል 275 ናቸው። ከተባባሪዎቹ ወገን ትልቁ የሶቪየቱ ኢቫን ኮዠዱብ 62 ነው፤ የአሜሪካው ሪቻርድ ቦንግ 40፣ የእንግሊዙ ጆኒ ጆንሰን 34። ይህን ያየ ሰው ጀርመኖቹ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ ቁጥሩ ነጭ ውሸት ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም። ማካፈል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሃርትማን 1,404 የውጊያ በረራ አድርጓል፤ በአማካይ በአራት በረራ አንድ። ኮዠዱብ 330 በረራ ነው ያደረገው፤ በአምስት በረራ አንድ ገደማ። ቦንግ ከ200 ጥቂት ከፍ ያለ፤ እርሱም እንዲሁ በአምስት አንድ። ዘጠኝ እጥፍ ገደማ የመሰለው ልዩነት በበረራ ሲሰላ ይህን ያህል ይጠባል።

ልዩነቱ የመጣው ከዕድልና ከፖሊሲ ነው። በ1941 የሶቪየት አየር ኃይል በዝግጅት ጉድለት ተያዘ፤ ዒላማ ሞልቶ ነበር፤ የጀርመን አብራሪ በቀን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከሁሉም በላይ ጀርመን አብራሪዋን አታሳርፍም፤ እስኪሞት፣ እስኪማረክ ወይም አካሉ እስኪጎድል ይበራል። አሜሪካ ግን የተወሰነ ጊዜ የተዋጋውን ወደ አገሩ መልሳ አስተማሪ ታደርገዋለች። ቦንግ 40 ሲሞላ ከግንባር አወጡት። (መጨረሻው ያሳዝናል፤ ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ሂሮሺማ በተመታችበት ዕለት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ጀት ሲሞክር ተከስክሶ ሞተ።) የትኛው አሠራር ይሻል እንደነበረ 1944 አሳይቷል። ጀርመንም ጃፓንም ጥቂት እጅግ የበቁ አብራሪዎችና በጣም ጥቂት ሰዓት የበረሩ ብዙ ልጆች ይዘው ቀሩ፤ አሜሪካ ግን በመቶዎች ሰዓት የሠለጠኑ አብራሪዎችን በሺህ እያመረተች ነበር። ረጅም የኤስ ዝርዝር ያላቸው ሁለቱም አገሮች ሰማያቸውን አጡ።

በዚያው የሶቪየት ግንባር የተዋጉት ሊዲያ ሊትቭያክና ካትያ ቡዳኖቫ በታሪክ የሚጠቀሱ ሁለት ብቸኛ ሴት ኤሶች ናቸው። ሁለቱም በ1943 ክረምት ነው ያለቁት። ሊትቭያክ ኦገስት 1 ቀን ወጥታ አልተመለሰችም፤ 22 ዓመት አልሞላትም ነበር። የወደቀችበት ስላልታወቀ ተማርካ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ተጋርጦ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ማዕረግ የተሰጣት በ1990 ነው።

ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈርም ደርሷል። በ1940 እና 41 ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ማሪዮ ቪዚንቲኒ የተባለ አብራሪ፣ ባለ ድርብ ክንፍ ፊያት ሲ.አር.42 እያበረረ፣ ከአሥራ አምስት በላይ አውሮፕላን ተመዝግቦለታል፤ በዚያ ጦርነት በባለ ድርብ ክንፍ ከተዋጉት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። የእርሱንም ነፍስ የቀማው ጠላት አልነበረም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1941 በአስቸኳይ ያረፉ ጓዶቹን ሊፈልግ ወጥቶ በመጥፎ አየር ነፋሲት አካባቢ ከተራራ ጋር ተጋጨ።

ከዚያ ጀት መጣ። በኮሪያ ጦርነት አሜሪካዊው ጆሴፍ ማኮኔል 16 ሲቆጠርለት፣ በድብቅ በሚግ-15 ይዋጉ ከነበሩት ሶቪየቶች መካከል ኒኮላይ ሱትያጊን ከ20 በላይ ተቆጥሮለታል፤ የሁለቱ ወገን መዛግብት ግን እስከ ዛሬ አይታረቁም። በቬትናም አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ኤፍ-4 ፋንተም ባለ ሁለት መቀመጫ ነው፤ ከኋላ ያለው መኮንን ራዳሩን ይዞ ጠላትን ካላገኘ የፊተኛው የሚተኩስበት የለውም። አሜሪካ ለሁለቱም ሙሉ ግዳይ መስጠት ጀመረች። ውጤቱ፣ በዚያ ጦርነት ከአሜሪካውያን ስድስት በመያዝ አንደኛ የሆነው ቻርልስ ዴቤልቪው መሪውን የጨበጠው ሰው አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው ነው። የእስራኤሉ ጊዮራ ኤፕስታይን በ1967ቱ ጦርነት፣ ከዚያ በኋላ ከግብፅ ጋር በተደረገው እርስ በርስ የመዳከም ጦርነትና በ1973ቱ ጦርነት በድምሩ 17 ደርሷል፤ ከድምፅ በሚፈጥን ጀት የሚበልጠው የለም።

በ1969 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበሩት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጀቶች ጥቂት ናቸው። የሶማሊያ ሚግ-21 በወረቀት ላይ የበለጠ ፈጣን ነው። ይሁንና አብራሪዎቻችን ብዙዎቹ አሜሪካ የሠለጠኑ ነበሩና በሳምንታት ውስጥ ሰማዩ የኢትዮጵያ ሆነ። ከእነዚህ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ለገሠ ተፈራ ነው፤ ሚጎችን ጥሎ፣ ኋላ ራሱ ተመትቶ በጃንጥላ ወረደና ተማረከ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይቶ በ1980 ዓ.ም. የእስረኞች ልውውጥ ተመለሰ፤ የጄኔራልነት ማዕረግም ደረሰ። ስንት ጣለ የሚለውን የተለያዩ ጽሑፎች የተለያየ ቁጥር ይሰጡታል። እስካሁን ያነበበ ሰው ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት እንዳልሆነ ተረድቷል፤ የእንግሊዝ አየር ኃይልም በአንድ ቀን ሦስት እጥፍ ስቷል።

በሌላው ጫፍ ከነጭራሹ ያልነበረ ኤስ አለ። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በመጀመሪያዎቹ ቀናት “የኪየቭ መንፈስ” የተባለ አብራሪ ብቻውን ስድስት አውሮፕላን ጣለ ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ተናፈሰ። ከቪዲዮ ጨዋታ የተቆረጠ ምስልም አብሮት ዞረ። ከሁለት ወር በኋላ የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ ሰውየው ሕዝብ የፈጠረው ምናባዊ ጀግና መሆኑን ተናገረ።

ከቬትናም ወዲህ በሰው የሚበር አውሮፕላን አምስት የጣለ አሜሪካዊ የለም። ሚሳኤሉ ከዓይን እይታ ውጭ ይተኮሳል፤ ጦርነቱ አጭር ነው፤ ደካማው ወገንም አውሮፕላኑን አያወጣም። ግን በ2024 ቀይ ባሕር ላይ አንድ የአሜሪካ ሃሪየር ጀት አብራሪ የሁቲዎችን ሰባት ድሮን መጣሉ ተዘገበና አሮጌው ጥያቄ እንደገና ተቀሰቀሰ፦ ሰው ያልተሳፈረበት ይቆጠራል ወይ? ሁለት የቆዩ ፍርዶች አሉ። የቤልጂጉ ቪሊ ኮፐንስ በአንደኛው ጦርነት ከጣላቸው 37ቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም በገመድ ታስረው የቆሙ የቅኝት ፊኛዎች ናቸው፤ በመድፍ ስለሚጠበቁ መጠጋቱ ሞት ነበርና እንደ ሙሉ ግዳይ ተያዙለት። በ1944 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ቤሪ ያለ አብራሪ የሚበሩ የጀርመን ቪ-1 ቦንቦችን ወደ 60 የሚጠጉ አወረደ። የእንግሊዝ አየር ኃይል እነዚያን በሌላ ዓምድ ነው የጻፋቸው።